የእትዬ አስቴር ቅጥቅጥና ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት

ሞተር አስወርዳችሁ፣ ብሮንዚናው ተቀይሮ፣ "አሁን አዲስ ሆነ" ተብላችሁ መኪናችሁን ከተረከባችሁ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ያው ሞተር ነክሶ፣ ማለትም ብረቱ ከብረት ተጣብቆ አልዞር ብሎ፣ መንገድ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ውሃው ሙሉ ነው፣ የሠራውም ባለሙያ ስም ያለው ሰው ነው። ሞተሩ ግን ቆሟል። ያን ጊዜ ዕድላችሁን፣ የመለዋወጫውን ጥራት ወይም የሰው ዓይን አማርራችሁ ይሆናል። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ እጠይቃችኋለሁ፤ ክፍተቱን የለካው ማን ነበር?

ዲላ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሞተር ጥገና መምህር ሆኜ ሥራ የጀመርኩበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። የክፍሉ ኃላፊ የዎርክሾፑን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጠው፣ "እዚህ ያሉት ሞተሮች የሚፈቱ እንጂ የሚነሱ አይደሉም። ተማሪ ሲፈታቸውና ሲገጥማቸው ኖሯል፤ አንተም ቀጥል" አሉኝ። የሰማያዊ ቱታዬ የሱቅ እጥፋት ገና አልለቀቀም ነበር። ገባሁና ጥቁር ሰሌዳውን አጸዳሁ፣ ቁልፎቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ደረደርኩ። ከዚያ ተማሪዎቹን "የሞተር ዋናው ክፍል የትኛው ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

አንዱ ፒስተን አለ። አንዱ ቴስታታ አለ። አንዱ "ሹፌሩ" ብሎ ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ሰሌዳው ላይ "ክፍተት" ብዬ ጻፍኩ።

"ቲቸር፣ የሌለ ነገር እንዴት የሞተር ክፍል ይሆናል?" አለችኝ ሕይወት። ከወናጎ እየተመላለሰች የምትማር፣ ካልገባት የማትለቅ ልጅ ነች።

"መጥተሽ ንኪው" አልኳትና አንድ ብሮንዚና አቀበልኳት። ብሮንዚና ግማሽ ክብ የሆነ ስስ የብረት ቅርፊት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ማለትም ክራንክሻፍቱን ያቅፋሉ። ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቢዬላ የሚባለው ክንድም ዘንጉን የሚይዘው በእነዚህ ቅርፊቶች ነው። በዘንጉና በቅርፊቱ መካከል ከፀጉር የቀጠነ ባዶ ቦታ አለ። ዘይት የሚገባው እዚያ ነው። ሞተሩ ሲዞር ዘንጉ ብረቱን አይነካም፤ ዘይት ላይ ይንሳፈፋል።

"ዝናብ ሲዘንብ ባጃጅ አስፋልት ላይ ስትንሸራተት አይታችሁ የለ?" አልኳቸው። "ጎማዋ መንገዱን ለቆ ውሃ ላይ ወጥቷል። መንገድ ላይ ይህ አደጋ ነው፤ ሞተር ውስጥ ግን ሕይወት ነው።"

"እኔን ነው?" አለች ሕይወት። ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ትምህርቱ ግን ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ክፍል ባዶ ቦታ የሚያስተምር መምህር ክፍል ተባለ።

ኮሌጃችን ተማሪዎቹን በከተማው ጋራዦች ለትብብር ሥልጠና ይልካል፤ እኔ ደግሞ እየዞርኩ እከታተላለሁ። ሕይወትና ጓደኞቿ የተመደቡት ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው በጋሼ በራሶ ጋራዥ ነበር። ጋሼ በራሶ በዲላ ሞተር በማውረድ የታወቁ ናቸው። የታወቁበት ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ሥራቸው ጥብቅ ነው።

ጥብቅ ማለት እንዲህ ነው። ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ የአካባቢው መካኒኮች ይጠራሉ። ሁለት ጎልማሶች ረጅም ብረት ይዘው ዘንጉን ለማዞር ይሞክራሉ። ካልቻሉ "አቤት ጥብቀት!" ተብሎ ይጨበጨባል። ከዚያ ሞተሩ በራሱ ስለማይነሳ መኪናው በሰው ተገፍቶ ወይም ከሌላ መኪና ኋላ ታስሮ፣ እየተጎተተ፣ እያጨሰ ይነሳል። ይህ ለባለ መኪናውም ኩራት ነው። በሰባት ሰው የተገፋ ሞተር ያለው ሰው ጎረቤቱ ፊት በቁልፍ ብቻ ከሚያስነሳው በላይ ያወራል።

አንድ ቀን ለክትትል ጋራዡ ስደርስ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ በገመድ ተጎትቶ ገባ። ከመሪው ላይ የወረደችው እትዬ አስቴር ነበረች። ከገደብ ከተማ ዲላ የምትመላለስ፣ መኪናዋን ራሷ የምትነዳ፣ በመስመሩ ሁሉ ረዳትና ተራ አስከባሪ የሚፈራት ሴት ነች። ያላት ንብረት ይኼው ቅጥቅጥ ነው፤ ልጆቿን የምታሳድግበትም እሱው ነው።

"ጋሼ በራሶ!" አለች ገና እግሯ መሬት እንደረገጠ። "ሞተርህ ነከሰ። እንደገና!"

"የእኔ ሞተር? መኪናው የአንቺ አይደለም እንዴ?"

"ሲነሳ 'የእኔ ነው' ብለህ ታወራለህ፣ ሲነክስ የእኔ ይሆናል?"

ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን ፈተው ብሮንዚናዎቹን አወጡ። ግራጫ መሆን የነበረበት ፊታቸው ተልጦ መዳብ መስሏል። ሁለቱ ደግሞ ቦታቸውን ለቀው ዞረዋል። ዘንጉም ቆስሏል። ዘንግ ሲቆስል ብረት በማሽን ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ትንሽ ይቀነሳል፣ ለቀነሰው ልክ ደግሞ ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገዛል። የእትዬ አስቴር ዘንግ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተቀንሷል። አሁን ሦስተኛው ነው፤ ከዚህ በኋላ ለዚያ ዘንግ የሚሆን ብሮንዚና ገበያ ላይ የለም። ጋሼ በራሶ ይህንኑ ነገሯት።

"ማለት?" አለች።

"ማለት አሁን ከነከሰ ዘንጉ ይጣላል። ሌላ ዘንግ የሚገኝ አይመስለኝም።"

"እና ቅጥቅጤን ቆራርጬ ለብረት ልሽጠው? የቡና ለቀማ ሊጀምር ነው እኮ! ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው!"

ከተማሪዎቼ ጋር ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። መናገር ያለብኝ መሰለኝ። "ጋሼ፣ ክፍተቱን ለክተውት ነበር?" አልኳቸው።

"ልጄ፣" አሉኝ ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አንስተው፣ "ይኼ ማይክሮሜትር ነው።"

"ጥሩ ማይክሮሜትር ነው። ግን መቶኛ ሚሊሜትር ያሳያል?"

እትዬ አስቴር ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በትዕግሥት አስረዱኝ። "ስማ ቲቸር። ላላ ብሎ የተሠራ ሞተር ቶሎ ያልቃል። ጠበብ ብሎ ከተሠራ እየተበላ እየተበላ ልኩን ያገኛል፣ ከዚያ ዕድሜው ረጅም ነው። ለዚህ ነው ቶርኖ ቤቱን 'ጠበቅ አድርገህ ላክልኝ' የምለው።"

"ጋሼ፣" አለች እትዬ አስቴር፣ "ለልጅ ጫማ እንኳ ሰፋ አድርገን ነው የምንገዛው!"

"ዘይቱስ?" አልኩ።

"ሃምሳ ቁጥር። ወፍራም። ዲላ ሙቀት ነው።"

ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ገጠመልኝ። ቅጥቅጡ የሚያድረው ዲላ አይደለም፣ ገደብ ነው። ገደብ ከፍታ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ያለው ብርድ ጣት ያደርቃል። በዚያ ብርድ ሃምሳ ቁጥር ዘይት እንደ ማር ይሆናል። ማር የመሰለ ዘይት እጅግ በጠበበ ክፍተት ውስጥ ቶሎ አይገባም። እስኪገባ ድረስ ብረት ብረትን ይፈጫል። እትዬ አስቴርን ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ምን እንደምትሰማ ጠየቅኳት።

"ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔም 'አባታችን ሆይ' እጀምራለሁ። አሜን ስል ድምፁ ይጠፋል።"

"ሙሉውን ጸልየሽ?"

"ሙሉውን! አንዳንዴም ደግሜ።"

ጋሼ በራሶ አልተረቱም። "የዘይት ግፊቱን ግን እኔ ራሴ አይቻለሁ። ከፍተኛ ነበር። ግፊት ካለ ዘይት አለ" አሉ።

ይህን ስሕተት ብዙ ጎበዝ ባለሙያ ይሠራዋል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ግፊት አንድ ነገር ነው፣ ፍሰት ሌላ ነገር ነው። የበዓል ዋዜማ መናኸሪያ ሄዳችሁ የአውቶቡሱን በር ተመልከቱ። ግፊያው ኃይለኛ ነው፤ የሚገባው ሰው ግን አንድ አንድ ነው። ዘይቱ ሲወፍርና በሩ ሲጠብ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ከፍ ይላል፤ ብሮንዚናው ጋ የሚደርሰው ዘይት ግን ትንሽ ነው። ዘይት ደግሞ ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣውም እሱ ነው። የሚፈስ ዘይት ከሌለ ብሮንዚናው ይግላል፣ ሲግል ያብጣል፣ ሲያብጥ ያቺ ጠባብ ክፍተት ጭራሽ ትዘጋለች። ሞተሩ ያን ጊዜ ይነክሳል።

ይህንኑ የበሩን ምሳሌ ስነግራቸው ጋሼ በራሶ የተላጠውን ብሮንዚና አንስተው አገላበጡት። "እሺ" አሉ በመጨረሻ፣ "ዘንጉ ከቶርኖ ቤት ሲመጣ ለካ። ግን ከተሳሳትክ ተማሪዎችህ ፊት እናገርሃለሁ።"

ዘንጉ ሲመጣ ሕይወት ናት የለካችው። አሠራሩ ቀላል ነው። ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ስስ የፕላስቲክ ክር አለ። የዘንጉ ፊት ተጠርጎ ይደርቃል፣ ክሩ በቁመቱ ይቀመጣል፣ የቢዬላው ክዳን ከነብሮንዚናው ተገጥሞ ቡሎኖቹ በታዘዘው ልክ ይጠበቃሉ። ዘንጉ መዞር የለበትም። ከዚያ ክዳኑ ይፈታል። ክሩ ተጨፍልቆ ይገኛል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ክሩ በጣም ይሰፋል፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ደግሞ ክሩ ብዙም ሳይጨፈለቅ ይቀራል። ከክሩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ካሉት ምልክቶች ጋር ታስተያዩታላችሁ።

ሕይወት ወረቀቱን አስጠጋች። ክሩ ከሁሉ ሰፊ ከሆነው ምልክት አልፎ ተዘርግቷል።

"ቲቸር፣ ወረቀቱ አልበቃውም።"

ጋሼ በራሶ መነጽራቸውን አደረጉ። ራሳቸው ሌላ ክር ቆርጠው በሌላኛው ቢዬላ ደገሙት። ያው ነው። የመኪናው መመሪያ ከሦስት እስከ ሰባት መቶኛ ሚሊሜትር ይላል፤ የእኛ ሁለት እንኳ አይሞላም። ቶርኖ ቤቱ በታዘዘው መሠረት "ጠበቅ አድርጎ" ልኳል።

"እንግዲህ ቶርኖ ቤት ይመለስና ሦስት መቶኛ ይቀነስ" አልኩ።

"ይቀነስ? የመጨረሻው ዘንግ ነው ተብሎ?" አለች እትዬ አስቴር። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጋሼ በራሶን አየች። "እኔ ምን አውቄ! አንዱ ይጥበብ ይላል፣ አንዱ ይስፋ ይላል። የምነዳው ግን እኔ ነኝ። የሚቆመውም የእኔ መኪና ነው።"

ወዲያው ቀጠለች። "እሺ፣ እንደ ክሩ ይሁን። ግን የመጀመሪያውን ጠዋት ሁለታችሁም ገደብ መጥታችሁ አብራችሁኝ ትሳፈራላችሁ። ከነከሰ ሦስታችንም አብረን እንገፋለን።"

ዘንጉ ተመለሰ፣ ተቀነሰ፣ መጣ። ክሩ አምስት መቶኛ አለ፤ በሁሉም ላይ። ጋሼ በራሶ ሞተሩን የገጠሙት በገዛ እጃቸው ነው። እውነቱን ለመናገር እንደ እሳቸው አጽድቶ የሚገጥም ሰው አላየሁም። እያንዳንዱን የዘይት ቀዳዳ በሽቦና በአየር አጸዱ፤ እኔ የማላያት ጠጠር እሳቸው አግኝተዋል። የጎደላቸው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

እንደ ልማዱ መካኒኮቹ ተሰበሰቡ። ሁለት ጎልማሶች ብረታቸውን ይዘው ቀረቡ። ጋሼ በራሶ ከለከሏቸውና በአንድ ክንዳቸው፣ በተራ ቁልፍ ዘንጉን አዞሩት። ዞረ። ለስለስ ብሎ ሙሉ ዙር ዞረ።

"ምነው በራሶ፣ ላላ እኮ!" አለ አንዱ።

"አርጅተሃል መሰለኝ!" አለ ሌላው። "ይኼን የእኔ ሚስትም ታዞረዋለች!"

"ሚስትህማ አንተንም ታዞርሃለች" አለች እትዬ አስቴር። ሳቁ ጋሼ በራሶን ግን አላዳናቸውም። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲቆም አየሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የገነቡት ስም በዚያች ለስላሳ ዙር ላይ ቆሟል። አንገታቸውን ቀና አድርገው "ዘይት አምጡ" አሉ። ዘይቱ መመሪያው የሚለው አሥራ አምስት አርባ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚጠብቅ። ገደብ አድሮ ዲላ ለሚውል መኪና ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

"ገመድ ላምጣ?" አለ አንድ መካኒክ፣ ለመጎተቻ።

"ቁልፉን አዙሪ" አሉ ጋሼ በራሶ።

እትዬ አስቴር አዞረች። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ተነሳ። ያለ ገመድ፣ ያለ ጉተታ፣ ያለ ሰባት ሰው። ተማሪዎቼ ጮኹ። እትዬ አስቴር ጥሩንባውን ለቃ መናኸሪያው ድረስ አሰማችው። "አርጅተሃል" ያለው መካኒክ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ብዙ ቆየ።

እኔ ግን ገና አልተነፈስኩም። ቁም ነገሩ ገደብ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ሁለታችንም ገደብ ነበርን። ጭጋጉ ከእንሰቱ ላይ አልተነሳም፤ የቅጥቅጡ መስታወት በጤዛ ታውሯል። የዘይት ግፊት መለኪያ ከሞተሩ ጋር አገናኝቼ ጌጁን ጋሼ በራሶ እንዲይዙት አደረግኩ። ተሳፋሪዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?" ይላሉ። አንድ የቡና ነጋዴ "ይኼ መኪና ሐኪም ይዞ መሄድ ጀመረ እንዴ?" አለ።

"ሁለት ሐኪም!" አለች እትዬ አስቴር። መሪውን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። "አባታችን ሆይ..." ብላ ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ ተነሳ። የጌጁ ቀስት ዘለለ። ቀጭ የሚል ነገር የለም።

"በሰማይ የምትኖር..." ብላ ቆመች። ዓይኗን ገለጠች። "ድምፁስ?"

"የለም" አሉ ጋሼ በራሶ።

"ገና 'ስምህ ይቀደስ' አላልኩም እኮ!"

"እንግዲህ ጸሎቱን ለምስጋና አድርጊው" አሏት፤ ጌጁን ከፍ አድርገው ለተሳፋሪው ሁሉ አሳዩ፣ የገባውም ያልገባውም አጨበጨበ።

ሞተሩ ገና ሮዳጅ ላይ፣ ማለትም አዲሶቹ ክፍሎች በሚለማመዱበት ጊዜ ላይ ስለነበረ እትዬ አስቴር ሳታስጨንቀው በዝግታ ነዳች። በይርጋጨፌ አለፍን፣ በወናጎ አለፍን። ሞተሩ ሲግል ቀስቱ ትንሽ ወረደና በልኩ ጸና። ዲላ መናኸሪያ ስንገባ ጋሼ በራሶ ከቅጥቅጡ በር ሳይወርዱ ለጓደኞቻቸው የጮኹትን አልረሳም፤ "ላላ ያላችሁት ሞተር ይኼው መጣ! የሚጎትተው ሰው ካለ ይምጣ!"

ለቀማው አልቆ መንገዱ ቀዝቀዝ ሲል ጋሼ በራሶ ራሳቸው ደወሉልኝ። "ልጆቹን ይዘህ ና፤ ሆዱን ከፍተን እንየው።" ኮፓውን አወረዱ፣ አንድ ክዳን ፈቱ። ብሮንዚናው ግራጫ ነው፣ እንደገባ ነው፣ ጭረት የለበትም። ሕይወት ክሩን አስቀመጠች፣ ተጠበቀ፣ ተፈታ። አምስት መቶኛ። ልጆቹ ጎል እንደገባ እየዘለሉ ተቃቀፉ። እትዬ አስቴር ብሮንዚናውን በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቷን አየችበት።

ጋሼ በራሶ አንድ ነገር አነሱ፣ ልክም ነበሩ። "ሃምሳ ቁጥርን ግን አታጥላላ። ብዙ የሠራ፣ ክፍተቱ የሰፋ ሞተር በወፍራም ዘይት ሲተርፍ አይቻለሁ።" እውነት ነው። ክፍተቱ በሰፋ ሞተር ቀጭን ዘይት በጎን ይፈስና ግፊቱ ይወድቃል፤ ሞተሩ ወርዶ እስኪታደስ ድረስ ወፈር ያለ ዘይት ያቆየዋል። ከዚያ ወዲህ ይህንን ክፍል ውስጥ የማስተምረው በእሳቸው ስም ነው። በዚያው ቀን ቶርኖ ቤት ሲደውሉ ሰማኋቸው። "ጠበቅ" የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ የተናገሩት ቁጥር ነው።

እኔ ከዚህ ሥራ የያዝኩት ይህን ነው። ክፍተቱ ይለካል። ዘይቱ የሚመረጠው በተለካው ክፍተትና መኪናው በሚያድርበት አገር ብርድ ነው። የሞተር ጥብቀት በክንድ አይታወቅም።

አሁን እናንተ ሞክሩት። ነገ ጠዋት መኪናችሁ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱና የዘይት ምልክት ያለበት ቀይ መብራት እስኪጠፋ ቁጠሩ። ሁለት ሦስት ከማለታችሁ በፊት ከጠፋ ጥሩ ነው። ከዘገየ በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠይቁ፣ ከመመሪያችሁ ጋር አስተያዩት። ሞተር የምታስወርዱ ከሆነ ደግሞ ኮፓው ከመዘጋቱ በፊት ባለሙያውን "ክፍተቱ ስንት ወጣ?" በሉት፤ ቁጥሩን እስኪነግራችሁም ከጋራዡ አትውጡ።